በኩላሊት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ጊዜ አየር ወደ ደም ሥር ስለ መግባቱና ስለ መሣሪያ መሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ሲነገር ቆይቶ አሁን እኔ ስለ ኩላሊት ጠጠር ልናገር በመቆሜ፣ «ይህ ሰው ወደ ሐኪሞች ጉባኤ ሲሄድ መንገድ ተሳስቶ ይሆናል» የሚል ከመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። ርእሱን የመረጥኩት እኔው ነኝ። የምናገርበት አደጋ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከሐኪሙ ተግባር ጋር ተያይዞ የተጻፈ ቢሆንም፣ ከሥሩ ተነሥተን ብንመረምረው አብዛኛው የግፊት፣ የቱቦና የፓምፕ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

በሀገራችን ረጅም መንገድ በከባድ መኪና የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። መኪናው ዳገት መካከል ይቆማል። ባትሪው ደኅና ነው፤ ናፍጣም በጋኑ ውስጥ አለ። ሾፌሩ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «አየር ስቧል» ይላል። ረዳቱ ወርዶ የፓምፑን ብሎን ላላ ያደርግና በእጁ እየገፋ፣ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ ወጥቶ አልቆ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ ያፈስሰዋል። ምክንያቱ ለእናንተ ግልጽ ነው። ፈሳሽ ሲገፉት እምብዛም አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ፓምፑ በገፋ ቁጥር በመካከሉ ያለው አየር ይኮማተርና መልሶ ይለጠጣል እንጂ ወደ ፊት የሚሄድ ናፍጣ አይኖርም።

የሰው ልብም ፓምፕ ነው፤ በአየር ፊት ያለው ድክመትም ከናፍጣው ፓምፕ የተለየ አይደለም። ከመላ ሰውነት በደም መልስ ሥሮች በኩል የሚመለሰው ደም በመጀመሪያ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባና ከዚያ ወደ ሳንባ ይገፋል። ብዙ አየር በአንድ ጊዜ በደም መልስ ሥር ከገባ በዚሁ በቀኙ የልብ ክፍል ይጠራቀማል፤ ከደም ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል። ልብ ይመታል፤ ደም ግን አይሄድም። ከዚያ ያመለጡትም ትናንሽ የአየር እንክብሎች ወደ ሳንባ ሥሮች ገብተው መንገዱን ይዘጉታል። ሐኪሞች ይህን «የአየር ኤምቦሊዝም» ይሉታል። የመኪናው ረዳት የሚያላላው ብሎን አለው፤ የማደንዘዣው ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ ብሎን የለውም።

ለመሆኑ ስንት አየር ነው የሚገድለው? ለአንድ አዋቂ ሰው በፍጥነት ከገባ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር፣ ወይም በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። አንድ የውኃ ብርጭቆ ማለት ነው። ቀስ ብሎ የገባውን ጥቂት አየር ሳንባ ራሱ ያስወግደዋል፤ ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራው ፍጥነቱ ነው። ስለ ፍጥነት በማደንዘዣ መጻሕፍት ደጋግሞ የሚጠቀስ ቁጥር አለ፤ ይኸውም የውስጥ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መርፌ ውስጥ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ያህል የግፊት ልዩነት በሰከንድ 100 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ያሳልፋል የሚል ነው። እኔ በበርኑሊ ቀመር ሳሰላው ግጭትን ጨርሶ ትቼ እንኳ ከ60 ወይም ከ65 ብዙም አላልፍም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የእኔን ስሌት ብንወስድም የተባለው ብርጭቆ ለመሙላት አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከአዋቂዎች መካከል ከአራቱ በአንዱ ገደማ፣ በልብ የላይኛው የቀኝና የግራ ክፍሎች መካከል በጽንስ ጊዜ የነበረችው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋ ትቀራለች። ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ሳያውቃት ይኖራል። የቀኙ ክፍል ግፊት በአየር ምክንያት ከፍ ሲል ግን ያቺ ቀዳዳ ትከፈትና አየሩ ሳንባን ሳይነካ ወደ ግራው ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል። በዚያ በኩል ብርጭቆ ሙሉ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል።

አሁን ወደ ኩላሊቱ እንሂድ። ትልቅ የኩላሊት ጠጠር ለማውጣት ለረጅም ዘመን የነበረው መንገድ ጎንን በሰፊው ቀዶ መክፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ፈርንስትሮምና ዮሃንሶን የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች ከጀርባ በኩል በተበጀ ጠባብ ቀዳዳ ጠጠር ማውጣታቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በሙኒክ ከተማ ጠጠርን ከሰውነት ውጭ በሚመነጭ የግፊት ሞገድ የመስበር ሕክምና በሰው ላይ ተጀመረ። ይህ መሣሪያ የመነጨው የዝናብ ጠብታ በፍጥነት በሚበሩ አውሮፕላኖች አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠኑ ከነበሩ የዶርኒየር አውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲሶች ሥራ መሆኑን ስናስታውስ ትንሽ ብንኮራ የሚነቅፈን የለም። ሆኖም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ጠጠር ዛሬም የሚመረጠው የጀርባው ቀዳዳ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ማደንዘዣ ተሰጥቶት አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ይተኛል። ሐኪሙ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየተመራ መርፌ ከጀርባ ወደ ኩላሊቱ የሽንት ማጠራቀሚያ ያስገባል። ቀዳዳው ደረጃ በደረጃ ይሰፋና እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይገባበታል። በዚያ ቱቦ ውስጥ መመልከቻ መሣሪያ ይገባል፤ ጠጠሩ በአልትራሳውንድ ዘንግ፣ በታመቀ አየር በሚሠራ መዶሻ ወይም በሌዘር ይሰበራል፤ እይታው እንዲጠራና ስብርባሪው እንዲታጠብ የጨው ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል።

ይህን ሥዕል በመሐንዲስ ዓይን ተመልከቱት። ሕመምተኛው በሆዱ ሲተኛ ኩላሊቱ ከልቡ ከፍ ይላል፤ ሆዱ ካልተጫነ ደግሞ ወደ ልብ የሚሄደው ትልቁ ደም መልስ ሥር ግፊቱ እጅግ ዝቅ ይላል፣ ከከባቢው አየር ግፊት በታችም ሊሆን ይችላል። ኩላሊት በደም ሥር የተሞላ አካል ነው፤ መርፌውና ማስፊያው ሲያልፉ ጥቂት ሥሮች መቀደዳቸው አይቀርም። በዚህ ላይ በሽንት ማጠራቀሚያው ውስጥ ግፊት ሲበዛ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ደም መልስ ሥሮች እንደሚሾልክ ሂንማንና ሊ-ብራውን እ.ኤ.አ. በ1924 ገልጸውታል። ይህ የሚጀምረው ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ በላይ ነው። አንድ የጨው ውኃ ከረጢት ከኩላሊቱ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለና የሚፈስስበት መውጫ ከተዘጋ የሚፈጥረው ግፊት 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ስለዚህ የሰፊው ቱቦ ጥቅም ጠጠር ማውጣት ብቻ አይደለም፤ የግፊት ማስተንፈሻም ነው። በስብርባሪ ሲደፈን ወይም በቀጭን ቱቦ ሲተካ ማስተንፈሻው ጠበበ ማለት ነው። ፈሳሽ የሚያሾልክ በር አየርን አያግድም።

እንግዲህ አየሩ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ሐኪሙ ራሱ ሆነ ብሎ ያስገባዋል። ሕመምተኛው በሆዱ ሲተኛ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በሽንት ቧንቧ በኩል ጥቂት አየር ቢገባ ከጀርባ በኩል ያሉትን የኩላሊት ጓዳዎች ሞልቶ በራጅ ያሳያል፤ መርፌው መግባት ያለበትም በእነዚያ ጓዳዎች ነው። ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት አየር ወደ ደም ሥር የገባባቸው ሕመምተኞች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። መፍትሔው የራቀ አይደለም፤ በአየር ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ነው። ይህ ጋዝ በራጅ ላይ እንደ አየር ይታያል፤ በደም ውስጥ ግን ከኦክስጅንም ከናይትሮጅንም እጅግ በበለጠ ስለሚሟሟ ቢገባም ቶሎ ይጠፋል። የሚያስፈልገው አንድ ሲሊንደር፣ የግፊት መቀነሻና ማጣሪያ ነው። እዚህ ላይ ከመካከላችን በሆስፒታል የሚሠራ ሰው «የእኔ ድርሻ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።

የጨው ውኃው ከረጢትም ቀላል አይደለም። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ከፋብሪካው ጀምሮ ጥቂት አየር አለ። ከረጢቱ በራሱ ከፍታ ብቻ ሲንጠባጠብ ያ አየር ከላይ ይቀራል። ፍሰቱ ይፍጠን ተብሎ ከረጢቱ በአየር በሚነፋ መጭመቂያ ሲጠቀለል ግን፣ ውኃው ካለቀ በኋላ መጭመቂያው መጫኑን አያቆምምና አየሩን ተከታትሎ ይሰድደዋል። ከመጠቅለሉ በፊት አየሩን ማስወጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፓምፑ ነው። የአልትራሳውንዱ ዘንግ ውስጡ ባዶ ነው። ጫፉ ጠጠሩን ሲሰብር በውስጡ ያለው መምጠጫ ስብርባሪውንና ውኃውን ይስባል፤ ሲስብም ዘንጉን ያቀዘቅዘዋል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች መምጠጫው ሮለር ፓምፕ ነው፤ የሚሽከረከሩ ሮለሮች ለስላሳውን ቱቦ እየተጫኑ በውስጡ ያለውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዱታል። የዚህ ፓምፕ ምስጋናው ፈሳሹ ብረት አለመንካቱ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሥራቱ ነው። ቱቦው ተገልብጦ ቢገባ ወይም ሞተሩ ወደ ኋላ ቢዞር ያለ አንዳች ቅሬታ፣ በዚያው ድምፅና በዚያው ፍጥነት አየርን ከማጠራቀሚያው ጠርሙስ ስቦ በዘንጉ ውስጥ ወደ ኩላሊቱ ይነፋል። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ብንወስድ ቀደም ሲል ያልነው ብርጭቆ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይሞላል። ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ በዚህ ዓይነት የፓምፕ መገልበጥ የደረሰ የአየር ኤምቦሊዝም በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አለ።

ይህን ከጽሑፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ክፍል ስሠራ እንዲህ ያለ ፓምፕ ሞተሩ ተቃጥሎ መጣልኝ። ትክክለኛው መለዋወጫ ስላልተገኘ በመጠንና በቮልቴጅ የሚመሳሰል ሌላ ሞተር ፈልጌ ገጠምኩ። ሽቦዎቹን በቀለማቸው አያያዝኳቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የዚያኛው ፋብሪካ ቀለም ግን ከዚህኛው ተቃራኒ ኖሯል። ፓምፑን አስነሣሁት፤ ዞረ። የዙሩን ብዛት ለካሁ፤ ልክ ነበር። የሚስበውን ኤሌክትሪክ ለካሁ፤ የመሬት ሽቦውን አረጋገጥኩ፤ ቅጹን ሞልቼ ፈረምኩ። የሮለሮቹን አዟዟር ተመልክቼ ነበር፤ ወደየት እንደሚዞሩ ግን አላየሁም። አንድ ማንኪያ ውኃ እንኳ አላስሳብኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቀዶ ክፍሉ ተጠራሁ። ሕመምተኛው ገና አልገባም ነበር። መሣሪያዎቹን የምታዘጋጀው አዛውንት ሲስተር ማንም ሳያዝዛት፣ ከድሮ ጀምሮ በያዘችው ልማድ፣ የመምጠጫውን ጫፍ በውኃ ሳህን ውስጥ ነክራው ነበር።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ። ይህ መሳቡ ነው ወይስ መንፋቱ?» አለችኝ።

ከሳህኑ ውስጥ አረፋ ይፈላል። የምመልሰው አጣሁ። «ሲስተር፣ ሽቦውን ገልብጬዋለሁ» አልኳት። እርስዋም «እንኳን አሁን ታየ፤ በሉ ይውሰዱትና ያስተካክሉት፣ ሰውየው ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለቱን ሽቦዎች ለመለዋወጥ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሕመምተኛው በሰላም ታከመ፤ በሳምንቱም በመተላለፊያው ሲራመድ አየሁት። ሰላምታ ሰጠኝ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የጠየቅሁት ጥያቄ፣ ያ አረፋ በሳህን ሳይሆን በሰው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር የሚል ነው። በእርግጥ የሚያይ መሣሪያ አለ። ሕመምተኛው በሚያስወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ነው። ደም ወደ ሳንባ መድረሱን ሲያቆም የመተንፈሻው መሣሪያ መንፋቱን ቢቀጥልም የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይኖርም፤ ስለዚህ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር በድንገት ይወርዳል። የደም ግፊት መውደቅና የልብ ምት መዛባት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በደረት ላይ የሚቀመጥ የዶፕለር መሣሪያ ከዚህም ቀድሞ ጥቂት ሚሊ ሊትር አየር ሲያልፍ በድምፅ ይናገራል፤ ይህ ግን በየቀዶ ክፍሉ አይገኝም። ካፕኖግራፉ ባለበት ቦታም ቢሆን የናሙና መሳቢያ ቀጭን ቱቦው በእርጥበት ተደፍኖ፣ ልኬቱ ሳይስተካከል ዓመት አልፎት፣ ማስጠንቀቂያ ድምፁም «ረበሸን» ተብሎ ተዘግቶ አይቻለሁ። የሐሰት ደወል የሚያበዛ መሣሪያ እውነተኛውን ደወል እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ድምፁን የዘጋውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ለምን በሐሰት እንደሚጮኽ መመርመር የእኛ ግዴታ ነው።

አደጋው ከታየ በኋላ የሚደረገውን ሐኪሞች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ እኔ የማነሣው ከመሣሪያ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ነው። ፓምፑና የጨው ውኃ ግፊቱ ወዲያው ይቆማሉ፤ ቀዳዳው በውኃ ይሸፈናል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ እየተሰጠ ከሆነ ይዘጋል፤ በደም ውስጥ ከናይትሮጅን ከ30 ጊዜ በላይ ስለሚሟሟ ናይትሮጅኑ ከአየሩ እንክብል ከሚወጣው በፈጠነ ሁኔታ እየገባ ያሳብጠዋልና። ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል። ዱራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳመለከቱት ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ተደርጎ ራሱ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ከደሙ መውጫ እንዲርቅ ነው። በሆዱ የተኛን፣ ጀርባው ላይ ቱቦ የተተከለበትን ሰው መገልበጥ ግን ብዙ እጅና በቅርብ የቆመ ተሸከርካሪ አልጋ ይጠይቃል። የቀዶ ጠረጴዛው ማዘንበያ ተበላሽቶ ጠረጴዛው ለወራት በአንድ አቋም የቆመባቸው ክፍሎች አሉ። «ለዚህ ቀዶ ሕክምና ማዘንበል አያስፈልግም» ተብሎ ጥገናው ሲተላለፍ ሰምቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት አሳልፌዋለሁ።

አንድ የምጠብቀው መቃወሚያ አለ፤ «ይህ ከመቶ አንድ እንኳ የማይደርስ ነገር ነው፤ ሌላ ስንት ችግር እያለብን» የሚል። ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን የሠራ ሐኪም አንድም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። እኔ ግን አሳሳቢነቱን ከዚሁ ከብርቅነቱ ጋር አያይዘዋለሁ። በየሳምንቱ የሚደርስን ችግር ሠራተኛው በልማድ ይማረዋል፤ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ግን የሚያስተምር ልማድ ስለሌለ መከላከያው በመሣሪያው ቅርጽ ውስጥ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። የኦክስጅንና የናይትረስ ኦክሳይድ ሲሊንደሮች መጋጠሚያ ለየብቻው የተቀመጡ ችንካሮች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው በጨለማ ቢደናገር እንኳ አንዱን በሌላው ቦታ ሊገጥመው አይችልም። የሮለር ፓምፑ ቱቦ ግን ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀስት በቀለም ሥዬበታለሁ፤ ቀስት ግን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አሁን በአውደ ጥናቱ በእጃችን እየሞከርን ያለነው፣ መግቢያውንና መውጫውን በስፋት የሚለያይ ትንሽ የፕላስቲክ መጋጠሚያ ነው። ከመመጥመጥ በኋላ ቅርጹን መጠበቁን ገና አላረጋገጥንም። ሙቀቱና እንፋሎቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጣሞብናል። ስለ ፕላስቲክ ከእኔ የተሻለ እውቀት ያለው አባል ካለ ምክሩን እፈልጋለሁ።

የጥገና ቅጻችንንም ለውጠነዋል። ከዙር ብዛትና ከኤሌክትሪክ ልኬት ቀጥሎ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ጫፉ በውኃ ሲነከር ውኃ ስቧል ወይስ አረፋ አውጥቷል የሚል ነው። የሚፈርምበትም ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከጥገና ክፍሉ፣ አንዷ ከቀዶ ክፍሉ።

ፓምፑን፣ የተጣመሙትን ሁለቱን መጋጠሚያዎችና አንድ የውኃ ሳህን ይዤ መጥቼ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ሽቦውን ሆነ ብዬ ገልብጬዋለሁና ከሻይ በፊት ማየት የምትፈልጉ ጫፉን በሳህኑ ነክራችሁ አስነሡት።